የባለካባው የመጀመሪያ ቅዳሜ

ልጄ የሲኒማ አዳራሹን ከተከራየች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። ባለፈው ወር ደግሞ የሕንፃው ባለቤት መጥቶ ቁርጡን ነገራት። «ባለካባው» የሚባለው አዲሱ ፊልም በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ አዳራሹን ካልሞላው ቤቱን ለሶፋ ነጋዴ እሰጣለሁ አላት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ የበለጠ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ባለካባው እየበረረ ሰው የሚያድን የፊልም ጀግና ነው። ልጄ በልጅነቷ አንሶላ አንገቷ ላይ አስራ ከአልጋ የምትዘለው በሱ ጦስ ነበር። አሁን ታሪኩን ከሥሩ እንደ አዲስ ጀምረውት፣ ተዋናዩንም ቀይረውት መጣ።

«እማዬ፣ በድሮው ያደገ ሁሉ አሁን ወልዷል፤ ልጁን ይዞ ይመጣል» ትለኛለች።

የፊልሙ አከፋፋይ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ፊልም እንዳታሳይ አስፈርሟታል። ባይሳካስ ብላት «አታሟርቺ» አለችኝ። ትኬት ሻጯ አራስ ስለሆነች መስኮቱ ላይ እኔን አስቀመጠችኝ።

ሐሙስ ለሙከራ ሲታይ ከልጅ ልጄ ጋር ገብቼ አየሁት። በድሮው የጀግናው እናት እስከ መጨረሻው ደህና ነበረች። በአዲሱ ገና ፊልሙ ሳይሞቅ ድልድይ ተንዶባት ትሞታለች፤ ያውም እጇ ከፍርስራሹ ወጥቶ ሲንቀሳቀስ ያሳያሉ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ የእናቷን ቀሚስ አልለቅ ብላለች። መታጠቢያ ቤት እንኳ ተከትላት ነው የምትገባው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰልፉ መጥፎ አልነበረም። ከፊት የቆመው ታክሲ ነጂ ነበር። ፖስተሩን በአገጩ እያመለከተ ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ይሄ ማነው?»

«ባለካባው ነዋ።»

«ኧረ ይተዉኝ። እኛ የምናውቀው ትከሻ ነበረው። ይሄ ካባውን ተውሶ የመጣ ነው የሚመስለው።»

«ያኛውማ አረጀ፣ ልጄ።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ማን ቀየረኝ?»

ሰልፉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ፣ ሳይገዛ ሄደ። ሁለት ሰዎች ተከትለውት ወጡ።

ቀጥላ አንዲት እናት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። አፌን ልይዝ ለራሴ ምዬ ነበር።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት።

«አምስት ሊሞላው ነው። የልጅ ትኬት አለ?»

«አለ። ግን ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ሸፍኚለት። እናትየዋ ትሞታለች።»

«የማን እናት?»

«የጀግናው። እጇ ይታያል።»

ሴትዮዋ ልጁን አየችው። እሱም ቀና ብሎ አያት።

«ሌላ ፊልም የላችሁም?»

«የለንም።»

አመስግናኝ ሄደች። ከኋላዋ የነበሩት እናቶች የምን እጅ ነው ተባባሉ። ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የሰው ልጅ ላስደነግጥ ነው?

ለካ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማኛለች።

«እማዬ፣ ትኬት ነው የምትሸጪው ወይስ ክሊኒክ ከፍተሻል?»

«ያንቺን ልጅ አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነብኝ። «ፊልሙን እኔ ነኝ የሠራሁት? አልቆርጠው፣ አልቀይረው። የቀረን ዝም ማለት ብቻ ነው፤ እሱንም አቃተሽ።»

ተነሣሁላትና እሷ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በፈገግታ ተቀበለች፤ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አዳራሹን ባይ ግማሹ ወንበር እንኳ አልተያዘም። እኔ የመለስኳቸው ቢገቡም አይሞላም ነበር፤ ይህን ማወቄ ግን ምንም አላቀለለኝ።

እሑድ አከፋፋዩ ደወለ። በሌሎቹም ከተሞች እንዲሁ ነው፣ ሰዉ ያንኑ የድሮውን መልሱልን እያለ ነው አላት። እንግዲያው ሌላ ፊልም ላሳይ ብትለው ውሉን አስታወሳት።

ከሰዓት ፊልሙ እየታየ ሳለ አንድ ወጣት ሜትር ይዞ ገባ። ቤቱን ለክተህ ና ብሎ የሶፋ ነጋዴው የላከው ሠራተኛ ነው። ልጄ ከመስኮቱ አየችው፤ ፊት ለፊቷ ሁለት ተማሪዎች ትኬት እየገዙ ነበርና ፈገግታዋን አላጠፋችም።

ልጁ መተላለፊያውን ሊለካ ሲሞክር ሜትሩ እየተጠቀለለ አስቸገረው።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ» አለኝ።

እምቢ ልለው ነበር። ግን ልጁ ትሑት ነው፤ ደግሞም እምቢ ብለው ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል። ያዝኩለት።

«ትንሽ ወደ ግድግዳው ያስጠጉት» አለኝ።

አስጠጋሁለት።