አንጋጣጮቹ

የዛፍ አፍቃሪዎች ማኅበር ዘንድሮም በአውቶብስ ተጭኖ መጣ። አባላቱ ገና መሬት ሳይረግጡ አንገታቸውን ወደ ኋላ ቆልምመው አፋቸውን ከፈቱ። ጥዶቹ እንደ ሁልጊዜው ናቸው፤ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ፣ ግንዳቸው ሰው ተያይዞ የማያቅፈው፣ ጫፋቸው ጉም ውስጥ ገብቶ የቀረ።

«እዚህ የሚኖር ሰው እኮ አያረጅም!» አለች አንዷ።

በእንግዳ ማረፊያው ጓሮ አንሶላ የምታሰጣው ሴት ሰማቻት። የማረፊያው ልብስ አጣቢ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላታል።

«አያረጅም? መጥታ ጉልበቴን ትጠይቀው» አለች ለራሷ። እነሱ «የሐር መጋረጃ» የሚሉት ጉም ለእሷ የማይደርቅ አንሶላ፣ የሻገተ ግድግዳና የማይለቅ ሳል ነው። ዛፎቹን ግን አትጠላም። ዛፍ መቼ ውጡብኝ አለ? የምትንቀው አንጋጣጮቹን ነው። አምና ወንድሟን የበሉባት እነሱ ናቸው።

ወንድሟ ለችግኝ ጣቢያው ከዛፍ ጫፍ ዘር የሚያወርድ ነበር። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ጦጣው» ነው የሚባለው። የዘር አውራጆች ደንብ አንድ ናት፦ ከመውጣትህ በፊት መዳፍህን ቅርፊቱ ላይ ታሳርፋለህ፤ ከረጠበ ገመድህን ጠቅልለህ ወደ ቤትህ። ጉም ሳይገፈፍ ማንም አይወጣም። የማኅበሩን ሰብሳቢ ደግሞ ጉም የሌለበት ፎቶ አይጥመውም።

«ምን አለ አንድ ሰው ላዩ ላይ ቢኖር! ቁመቱ እንዲታይ! እንዳንተ ያለ ጀግና!» አለው።

ሙገሳ ሲሰማ አቅሉን የሚስተው ወንድሟ የረጠበ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ። ፎቶው ግሩም ነበር አሉ። እሱ አዳልጦት ወደቀ። የሸፈኑት ከእሷው ገመድ ላይ ባወረዱት አንሶላ ነው። አንሶላው እንኳ ገና አልደረቀም ነበር።

ዘንድሮ ሰብሳቢው የሚያብረቀርቅ የናስ ሰሌዳ ታቅፎ ወደ ጓሮው መጣ። የሟቹ ስም ተቀርጾበታል፤ ከሥሩ «የዛፎች ልጅ» ይላል።

«የዛፎች ልጅ?» አለች እትዬ። «እናታችን ይህን ሰምታ ቢሆን ምን ትል ነበር?»

«እህቴ፣ ልባችን ተሰብሮ ነው የከረምነው» አላት ሰብሳቢው። «ይህን ከላይ፣ ልክ ጉሙ ከሚጀምርበት ላይ በገመድ እናንጠለጥልለታለን። ታናሽ ወንድምሽም እሺ ብሎናል።»

የያዘችው አንሶላ ከእጇ አምልጦ ጭቃ ላይ ወደቀ። ዞር ስትል ታናሽየው የሟቹን የመውጫ ቀበቶ ታጥቆ፣ ደረቱን ነፍቶ ወንድሙ የወደቀበት ዛፍ ሥር ቆሟል። ከኋላው ቅርፊቱ ውሃ ያንጠባጥባል። እየሮጠች ሄደች።

«አንተ! ይህን ዛፍ ነክተኸዋል?»

«እትዬ፣ በእንግዳ ፊት አታዋርጂኝ።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«ለወንድሜ ክብር ነው የምወጣው። እምቢ ብል ሰው ምን ይለኛል?»

«ብትወጣስ? ጀግና ይሉሃል። እሱንም ብለውታል! ለከርሞ ያንተን ሰሌዳ ማን ሊሰቅል ነው? በዚህ ጉልበቴ እኔ ልንጠላጠል?»

ከአባላቱ አንዱ ሳቀ፤ የሳቀው እሱ ብቻ መሆኑን ሲያይ ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። ሰብሳቢው ደረሰ።

«ስጋት አይግባሽ፤ ብዙ አይወጣም። ካሜራውም ተዘጋጅቷል።»

«ሲወድቅ ካሜራው ሊቀልበው ነው?»

ከዚያ የታናሽየውን እጅ ያዘች። እጁን ቅርፊቱ ላይ ለጠፈችና ያንኑ መዳፍ በገዛ ፊቱ ላይ አሸችው። ውሃው በአገጩ ወረደ። ታናሽየው እንደ ልጅነቱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

እትዬ ሰሌዳውን ከሰብሳቢው እቅፍ ነጠቀች። ጓሮ ተመልሳ የልብስ ገመዷን የምትወጥርበትን መዶሻና ምስማር ይዛ መጣች። ዛፉ ሥር፣ ወንድሟ በወደቀበት በኩል፣ ከመሬት ወጣ ያለው ወፍራም ሥር ዘንድ ተንበረከከች።

«እዚያ ታች?» አለ ሰብሳቢው። «እዚያ እኮ ለማንም አይታይም! ጉሙም ፎቶው ውስጥ አይገባም!»

«እሱን ያገኘሁት እዚህ ነው» አለች፤ የመጀመሪያውንም ምስማር መታች።

«ኧረ በምስማር አይሆንም!» ጮኸች ያቺ ሰው አያረጅም ያለችው። «ይጎዳል! ዛፉ እኮ ሕይወት አለው!»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። እትዬ ቀና ብላ አየቻት፤ ከጫማዋ እስከ ባርኔጣዋ፣ ቀስ ብላ። ይህኔ ሰሌዳው በአንድ ምስማር ላይ ዞሮ ተንጋደደ።

ታናሽየው ቀበቶውን ፈታ፣ መሬት ጣለና ከጎኗ ተንበረከከ። ሰሌዳውን በሁለት እጁ አቃናላት።

«ወደ ግራ ዘሞ ነበር፣ እትዬ። በቃ፣ ምቺው።»