እጅ የሌላቸው ሰዎች

የመጽሐፍ ሥዕል ስማር ሁለት ዓመት ሙሉ የሣልኳቸው ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተዋል። ኪስ የሌላቸው ደግሞ ወደ ኋላ አጣምረዋል። መምህራችን አንድ ቀን ሥዕሎቼን ደርድሮ ሲያያቸው ቆየና፣ «አንቺ፣ ሰዎችሽ በርዷቸው ነው ወይስ ሰርቀው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተናደድኩ፤ እውነቱን ስለሆነ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

ምረቃው ሲቃረብ አንዲት የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ሥራችንን አይታ አንድ ሰው ልትቀጥር እንደምትመጣ ተነገረን። ያቺን ሥራ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እጅ መሣል ለመለማመድ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ነው። «አባባ፣ እጅህን አንዲት ደቂቃ ብቻ አታንቀሳቅስ» ስለው እሺ ይልና ወዲያው መለካት፣ መቅደድ፣ መተኮስ ይጀምራል። «ሥራ የፈታ እጅ ቢታመም ነው» ይለኛል። ምን ላድርግ? እየሠራ ሣልኩት። አሥር ሥዕል ወጣልኝ።

አሳታሚዋ የምትመጣበት ቀን ጠዋት ሱቁ የተውኳቸውን ሥዕሎች ላነሳ ስሄድ ሦስቱ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ኤክስ ተደርጎባቸዋል። አባቴ ጨርቅ ላይ «ስፌቱ እዚህ ጋ ይፈታ» ለማለት የሚያደርገው ምልክት ነው። ደሜ ፈላ።

«አባባ! ምን አደረግኸኝ?»

«ጠመኔ እኮ ነው ልጄ፤ እፍ ስትይው ይራገፋል። ስህተቱ ግን አይራገፍም። መቀሱን እዪው፤ አውራ ጣቴን ለአራቱ ጣቶች በተሠራው ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ ከትተሽዋል። በዚህ አያያዝ እንኳን ካፖርት ወረቀትም አይቆረጥም!»

መቀሱን አንስቼ ያዝኩት። ልክ ነበር፤ ያናድዳል! አንዷን እንደ ምንም አስተካከልኩ። ሁለቱን ሳልነካቸው ሰዓቱ ደረሰ፤ ጠመኔውን ማራገፍ እንኳ ትዝ ሳይለኝ ወደ ትምህርት ቤት በረርኩ።

አሳታሚዋ ምልክቶቹ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

ልዋሽ ነበር፤ ምላሴ ግን እውነቱን ዘረገፈው። «አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ተሳስተሻል፣ ይፈታ ብሎኝ ነው። አንዷን ብቻ ነው ለማስተካከል የደረስኩት።»

የተስተካከለችውን አንስታ ከሁለቱ ጋር አስተያየቻት። «በዓመት ስንት መቀስ ተሥሎ ይመጣልኛል መሰለሽ! በትክክል የተያዘ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ሰኞ ጀምሪ። እነዚህን ሁለቱን ግን ፈትተሽ ይዘሽ ነይ።»

እየሮጥኩ ሱቁ ገባሁ። አባቴ እጅጌ እየሰፋ ነበር።

«አባባ፣ ተቀጠርኩ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። መርፌው ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ሁለቱም እጆቹ ጭኑ ላይ ዐረፉ። ከደቂቃ በላይ አልተንቀሳቀሱም። እኔ ደግሞ እርሳሴን ለካ ትምህርት ቤት ረስቼዋለሁ።