ጭሱ ያልተናገረው

በዚያ ሰኞ ማለዳ ጋራዡ ደጃፍ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ መካኒኩ፣ ታናሽ ወንድሙና ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው። የታናሹን ሞተር ሳይክል ከቆጠርን አራት ይሆናሉ፤ ከልብስ ሰፊው ጋር እኩያ ሳትሆን አትቀርም።

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «አፍንጫው» ይለዋል። ጭስ አሽትቶ ብቻ ቤንዚን በዝቶ እንደሆነ ወይም አየር በልጦ እንደሆነ፣ ሁለቱን የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ሳይነካ ይናገር ነበርና። አንድ ሕግም ነበረው፤ እሱ ሳያሸት ባለሞተሩ አፉን አይከፍትም። «ሕመምተኛው ካወራ ሐኪሙ ይሳሳታል» ይላል።

ይህ ሁሉ ግን ከትኩሳቱ በፊት ነው። ክረምቱን አልጋ ላይ ጥሎት የከረመው ትኩሳት፣ ሲለቀው ሽታን ይዞ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ወተት ጥዳ ወጣ ብላ ስትመለስ ወተቱ አርሯል፤ እሱ ለምድጃው ጀርባውን ሰጥቶ ቡሎን ይወለውላል። «ሰውዬ፣ ሲያር አይሸትህም?» ብትለው «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አላት። ለማንም አልነገረም። የማያሸት «አፍንጫው» ከእንግዲህ ምን ተብሎ ይጠራል?

«ወንድም ጋሼ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ነገም ከዘገየህ ሌላ ሰው አለኝ ብሎኛል» አለ ታናሹ። ሞተሯ በየማለዳው ዳቦ ጭና ዳገቱን ትወጣለች፤ የልጆቹ ጉሮሮ በእሷ ላይ ነው። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሰሞኑን እኮ…»

«እስ! ሕጉን ረሳኸው? አስነሣት።»

ልብስ ሰፊው ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ተወው እንጂ፣ ሊያሸት ነው! እኔስ ሚስቴ እንዲህ ብታሸተኝ ስንት ጉድ በወጣ።»

ሞተሯ ተነሣች። አፍንጫው ከጭስ ማውጫው ኋላ ተንበረከከ፤ ዐይኑን ጨፍኖ በረዥሙ ሳበ። ምንም። ጭሱ ጉሮሮውን ከርክሮት ብቻ ወጣ። ደግሞ ሳበ። የሁለቱ ሰዎች ዐይን ማጅራቱ ላይ ተተክሏል። «አልሸተተኝም» የሚለው ቃል ከንፈሩ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«እህሳ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«አጥፋት» አለና ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታ። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። እፎይ አለ። የጠቆረ ካንዴላ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ምልክት ነው፤ ይህን ጀማሪም ያውቃል።

«ቤንዚን በዝቶባታል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ገና ስትገባ ሸትቶኛል!»

ካርቡሬተሩን ከፍቶ ቤንዚን የምትመጥነውን ቀጭን መርፌ ዝቅ አደረጋት። ታናሹ አንዴ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ታላቁን አምኖ ሄደ።

በማግስቱ ረፈድ ሲል ታናሹ ሞተሯን እየገፋ መጣ። ዳቦው ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ነው።

«ዳገቱ መሀል ላይ ጮኸችና ቀጥ አለች።»

አፍንጫው የሞተሩን ክዳን ሲያነሣ የፒስተኑ አናት ቀልጦ ተበስቷል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር የሚሞተው እንዲህ ነው፤ በሙቀት። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ጎማ በጣቱ ዳሰሰው። ከሥር ተሰንጥቋል። ትርፍ አየር ስትስብ የከረመችው በዚያ ነበር፤ እሱ ደግሞ ትናንት ቤንዚኑን ቀነሰባት።

«ታዲያ ካንዴላው ለምን ጠቆረ?» አለ ለራሱ።

«ቾክ ስቤ ነዋ የምነዳት! አየሩን ካልዘጋሁባት ታስል ነበር፣ ጉልበትም የላት። ዛሬ ግን ድናለች ብዬ መለስኩት።» ታናሹ ላቡን ጠረገ። «ልነግርህ ስል እኮ እስ አልከኝ። እሺ፣ ሸትቶኛል ያልከውስ? ምን ነበር የሸተተህ?»

አፍንጫው ክዳኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምንም» አለ። «ከትኩሳቱ ወዲህ የሚሸተኝ ነገር የለም።»

ታናሹ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። «ለእኔ እንኳ?» አለና የዳቦውን ሳጥን ከሞተሯ ፈትቶ ትከሻው ላይ አወጣው፤ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው።

ለዚያች ሞተር የሚሆን ፒስተን ገበያ ላይ አልተገኘም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ።