የንጉሥ ዘር ቆሞ ማን ይቀመጣል

ብርቅዬ የዛን ቀን ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ደክሟት ነበር። እንቅልፍ አጥታ አይደለም፣ ድብን ብላ ነው የተኛችው። ድካሟ የእንቅልፍ ሳይሆን የባል ነው።

ባሏ ግዛቸው የንጉሥ ዘር ነው። የቅድመ አያቱ አባት ከሐዋሳ ወደ ታች ሲወረድ ባለች አንዲት ትንሽ አገር ላይ ነግሠው ነበር ይባላል። የአገሯ ስም ይቅር፣ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው፣ ነገርም ይወዳሉ። መንግሥቱ ከቀረ ዘመን አልፎታል። ግዛቸው ራሱ ዕድሜውን የፈጀው መናኸሪያ ትኬት ሲቆርጥ ነው፣ አሁን እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ቤቱ ቁጭ ያለ ጡረተኛ ነው። መንግሥቱ ቀረ እንጂ ሰላምታው አልቀረም።

የአገሩ ሰው ሲመጣ ደጃፉ ላይ ይቆማል። የንጉሥ ዘር ቀድሞ "ደህና ናችሁ ወይ" እስኪል ትንፍሽ አይባልም። ከዛ ይገባል፣ ይንበረከካል፣ ሁለት እጁን ግዛቸው ጉልበት ላይ አሳርፎ ጉልበቱን ይስማል። ግዛቸው አይነሳም። የንጉሥ ዘር ለሰው አይነሳም።

እውነቱን የምታውቀው ግን ብርቅዬ ናት። ግዛቸው የማይነሳው መነሳት ስለማይችል ነው። የቀኝ ጉልበቱ ከከዳው ከርሟል። ጠዋት ጠዋት ብብቱ ስር ገብታ የምታነሳው እሷ፣ ደግፋ ሶፋው ላይ የምታኖረው እሷ፣ የሰው ኮቴ ስትሰማ ምርኩዙን ነጥቃ አልጋ ስር የምትወሽቀው እሷ። ዘመድ ሁሉ እየመጣ ያንን የታመመ ጉልበት ሲጫነው ግዛቸው ጥርሱን ነክሶ "እምምም" ይላል። እነሱ ደግሞ ሲወጡ "ግርማው እኮ! ድምፁ ራሱ የአባቶቹ ነው" ይባባላሉ።

ለምን አትነግራቸውም ብላው ታውቃለች።

"ሽባ ከሚሉኝ ኩሩ ይበሉኝ" አላት። "አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ።"

ያዘች። የሚገርመው በደህናው ጊዜ እንዲህ አልነበረም። መናኸሪያ እያለ ሕፃን ልጅ ሲገባ እንኳ ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው ነው፣ ዘመዶቹ አዋረድከን እያሉ ይቆጡት ነበር። ንግሥናው ትዝ ያለው ጉልበቱ ሲከዳው ነው።

የሰፈሩን ቂም የምትሸከመውም ብርቅዬ ናት። ለቅሶ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ዘወር ብለው ያዩዋታል። ሱቋ ከበራቸው ፊት ለፊት የሆነችው ሰሚራ አንድ ቀን ዘይት እየቀዳችላት፣ ጋሽ ግዛቸው ለሞተ ሰውም አይነሱም እንዴ፣ ብላ ሳቀች። ብርቅዬም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ?

ይህን ሁሉ ችላ ኖራ ነበር፣ የሩሀማ ነገር መጣ እንጂ።

ሩሀማ የልጅ ልጃቸው ናት። እናቷ አርፋ እነሱ ናቸው ያሳደጓት። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች፣ ሥራዋ በፈረቃ ስለሆነ ከጓደኞቿ ጋር እዛው ቤት ተከራይታ ትኖራለች፣ ለዚህ ነው የአያቷን ጉልበት ያላወቀችው። አማኑኤል የሚባል ጨዋ ልጅ ወዳለች። የአማኑኤል አባት አቶ ሕዝቅያስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ጸሎታቸው ረጅም፣ አንገታቸው ደረቅ።

ባለፈው ወር ሁለት ሰው አስከትለው ልጅቷን ሊጠይቁ መጡ። ግዛቸው ከሶፋው አልተነሳም። አቶ ሕዝቅያስ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ያን ቀን ከአገር ቤት የመጣው የግዛቸው ዘመድ ሻንቆ እዛው ነበር፣ ያ አፉ የማያርፍ፣ ጣልቃ ገብቶ መጀመሪያ ጉልበት ይሳማል አላቸው። አቶ ሕዝቅያስ እኔ የምንበረከከው ለጌታ ብቻ ነው፣ የሰው ጉልበት አልስምም አሉ። ውሃ ሳይቀምሱ ወጡ።

ሩሀማ ስታለቅስ ሰነበተች። አማኑኤልም አባቱን ለምኖ ለምኖ አንድ ጊዜ እንዲመለሱ አደረጋቸው። ቃላቸው ግን ቁርጥ ነበር። ሰውየው እንደ ሰው ቆሞ ይቀበለኝ፣ ዙፋን ላይ እንዳለ ተቀምጦ ከጠበቀኝ ግን ልጄን ሌላ ቤት እድረዋለሁ፣ ብለዋል።

ሩሀማ ይህን ይዛ መጥታ አያቷ እግር ስር ተቀመጠች።

"አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሱልኝ" አለች። "ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።"

ግዛቸው ግድግዳውን አየ። ብርቅዬ አፏን ከፈተች፣ እሱ ዞር ብሎ አያት፣ ዘጋችው። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች።

እንግዲህ እንግዶቹ በሚመለሱበት በዛን ቀን ጠዋት ብርቅዬ ያሰበችው ይሄን ነው። ሰውየውን ያቃተው መነሳት ነው እንጂ ተደግፎ መቆሙን ትንሽ ይችላል። እንግዶቹ ሳይደርሱ አስቀድማ ብታቆመውስ? ቆሞ ያገኙታል፣ ማን አነሳው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አመሻሹ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ያስመጣችውን ዓሣ ጠብሳ ስትጨርስ፣ ብብቱ ስር ገባች። እያቃሰተ እያቃሰተች ቡፌውና ግድግዳው መሃል ወሸቀችው። ጋቢውን አለበሰችው፣ ግራ እጁን ቡፌው ላይ አስደገፈችው። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም ንጉሥ ይመስል ነበር።

"ሰላም ካሉህ በኋላ አንድ ነገር ፈጥሬ አስቀምጥሃለሁ" አለችው።

ያልታሰባት ሻንቆ ነው። በሴቷ ወገን ለመቆም ሦስት የአገር ሰው ይዞ ከተፍ አለ። በሩ ላይ ደርሶ ግዛቸው ቆሞ ሲያየው ክው አለ። ኮፍያውን አወለቀ። ሦስቱም አወለቁ። ግዛቸው "ደህና ናችሁ ወይ" ሲላቸው ገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ብርቅዬ ወንበር ብትስብላቸው፣ ብትለምናቸው፣ ወይ ፍንክች።

"የንጉሥ ዘር ቆሞ ማን ይቀመጣል?" አላት ሻንቆ ቀስ ብሎ።

ብርቅዬ ያን ጊዜ ገባት። ሥርዓቱን ረስታው ነበር። ሰውየው ከቆመ ዘመን ስላለፈው ሲቆም ምን እንደሚደረግ ከጭንቅላቷ ጠፍቷል።

አቶ ሕዝቅያስ ሁለቱን ሰዎቻቸውን ይዘው ገቡ። ግዛቸው ቆሞ ሲያዩት ፊታቸው በራ፣ ሄደው ጨበጡት፣ ትከሻውን ሳሙት። ሩሀማ ከጓዳ በር ላይ ሆና ፈገግ አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። አቶ ሕዝቅያስ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ቤቱ በሙሉ ቆሟል። እንደገና ቀና አሉ። የሻንቆ ሰዎች ግዛቸው እስኪቀመጥ ይጠብቃሉ፣ እንግዶቹ የሻንቆን ሰዎች ይጠብቃሉ፣ ግዛቸው ደግሞ ከቡፌው እስከ ሶፋው ያለችውን ቦታ ያያታል። ለሱ ያቺ ቦታ ሐይቁን በእግር መሻገር ናት።

ስለዚህ ልጅቷ በቁም ተጠየቀች። የሴት ወገን በቁም መለሰ። የሰርጉ ነገር በቁም ተነሳ፣ ፋሲካ ይሻላል ገና ይሻላል ተባለ። ዓሣው ቀዘቀዘ። ብርቅዬ አንዴ በአንድ እግሯ አንዴ በሌላው ትቆማለች፣ ወገቧ እንደ እሳት ይፈጃታል። ግዛቸው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ልታስቀምጠው የምትፈጥረው ነገር ፈልጋ ፈልጋ አጣች። ጭንቅላቷም ደክሞታል።

በዚህ ላይ አቶ ሕዝቅያስ እንጸልይ አሉ።

ለአገሩ ጸለዩ። ለዝናቡ፣ ለወጣቱ፣ ለሥራ አጡ ጸለዩ። መሃል ላይ የቡፌው ብርጭቆዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል። የግዛቸው እጅ ነው፣ ጉልበቱ አልችል ብሎ ክንዱ እየተንዘፈዘፈ። አቶ ሕዝቅያስ ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ድምፁን ሲሰሙ መንፈስ የወረደ መሰላቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸሎቱን እንደ አዲስ ጀመሩት።

ብርቅዬ ብርጭቆዎቹን አየች። የባሏን ፊት አየች። ቢወድቅ የሚያነሳው ማነው? እሷ ናት። ነገም እሷ፣ ከነገ ወዲያም እሷ። ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

ሻንቆ ዓይኑ ፈጠጠ። "ብርቅዬ፣ ቆመው እኮ ነው" አላት በሹክሹክታ።

"ይቁም" አለች ብርቅዬ፣ እሷ በሹክሹክታ አይደለም። "እኔ ደከመኝ።"

ጸሎቱ ቆመ።

"ጉልበቱ ታሞ ነው" አለች። "አይነሳም የምትሉት ስለማይችል ነው። ዛሬም ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ መቀመጥ አቅቶት ነው የቆመው። ኩራት የለም እዚህ ቤት። ያዙት፣ ሊወድቅ ነው።"

"አፍሽን..." አለ ግዛቸው።

"አልይዝም። ስይዝልህ ኖርኩ። ደከመኝ እኮ ነው የምልህ ግዛቸው።"

በሰው ፊት "አንተ" ብላው አታውቅም ነበር። ሻንቆ ወደ መሬት አየ።

መጀመሪያ የደረሱለት አቶ ሕዝቅያስ ናቸው። ክንዱን ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ሩሀማ በሌላው በኩል ገባች፣ እየጎተቱ ሶፋው ላይ አኖሩት። ልጅቷ አያቷን ቀና ብላ አየቻት፣ ለምን አልነገርሽኝም የሚል አስተያየት። ብርቅዬ ትከሻዋን ሰበቀች።

አቶ ሕዝቅያስ ለበሽተኛ ሲጸልዩ ልማዳቸው ነው፣ የታመመው ቦታ ላይ እጅ ይጭናሉ። የግዛቸው ጉልበት ደግሞ ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ነው። ተንበረከኩ። ሁለት እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። ራሳቸውን ደፉ።

"በቀስታ" አለ ግዛቸው።

ደህና አጭር ጸሎት ነበር። አሜን ሲሉ ግዛቸው ዝቅ ብሎ ያንን የተደፋ ራስ አየው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አፉ የለመደውን አወጣ።

"ደህና ናችሁ ወይ" አለ።

የሻንቆ ሰዎች በረጅሙ ተነፈሱ። ሥርዓቱ ደረሰ፣ ትንሽ ቅደም ተከተሉ ተዛነፈ እንጂ። ሁሉም ቁጭ አሉ፣ ወንበሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጢጥ አለ። አቶ ሕዝቅያስ ትንሽ ቀለል አለዎት ወይ ብለው ጠየቁት፣ ግዛቸውም ለሰው ክብር ሲል ቀሎኛል አለ። አልቀለለውም።

ሩሀማ ዓሣውን አሙቃ አቀረበች። ሰርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆረጠ። ብርቅዬ ከወንበሯ አልተነሳችም፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ቤት ምግብ ቀረበላት። በሩ ክፍት ነበርና ሰሚራ ከሱቋ ሆና ሁሉን አይታለች። ሽማግሌው ጉልበት ሳሙ የሚለው ወሬ እንግዶቹ ሳይወጡ ሰፈሩን ዞረ። የታመመ ጉልበት መሆኑንስ? እሱን ቀስ ብለው ይሰሙታል፣ የሚጣፍጠው ወሬ ነው የሚቀድመው።

ጨለም ሲል እንግዶቹ ተሰናበቱ። ሻንቆ እንደ ልማዱ ወደ ግዛቸው ጉልበት ጎንበስ ሲል ትዝ አለውና እጁ አየር ላይ ቀረ። ዞር ዞር አለ። ብርቅዬ አሁንም ለማንም ሳትነሳ ተቀምጣለች። መጣና ጉልበቷ ስር ተንበረከከ።

"ተወው ሻንቆ" አለችው። "የኔም ያመኛል።"