ላሟ አትመርጥም

ሙሉመቤት ዕድሜ ልኳን ደህንነቱን ሳትጠይቅ ሽማግሌ ሰው ለምና አታውቅም። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት መኸር ሳን ሆዜ ያለው የስልክ ቢሮ የቀጠራት ግን ለዚሁ ነበር። ስንዴ እንጂ ሰው በማይበዛበት አንድ ሩቅ የአሜሪካ ስቴት፣ ወንበራቸውን ላለመልቀቅ የሚታገሉ ሴናተር አሉ፤ የእሷ ሥራ ለገበሬዎቹ እየደወለች ድምፃችሁን ስጧቸው ማለት ነው። የተጻፈላትን አንብባ፣ አመስግና፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ።

እሷ ግን መች ሰምታ። ጤናቸውን ትጠይቃለች፣ ከብቱን ትጠይቃለች፣ ዝናቡን ትጠይቃለች። ገበሬዎቹም ወሬ ጠምቷቸው ኖሮ ያወሯታል። ዓይኗን ስትጨፍን ከመስኮቱ ሥር የሚጎርፈው የፍሪዌይ መኪኖች መብራት ይጠፋና ስንዴው ይመጣል፤ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሣዋል። እሷም በመካከሉ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ደስ ይላት ነበር።

አለቃዋ ሀብቱ፣ ለምኖ ያስቀጠራት፣ ካስትሮ ቫሊ የሚኖር ያገሯ ሰው፣ ነገሩ አላማረውም።

«ሙሉ፣ ስክሪፕቱን ፎሎው አድርጊ። ላሟ አትመርጥም» አላት።

ብትደግም ሥራው እንደሚቀርባት፣ ከእንግዲህም እያዳመጠ እንደሚውል ነገራት። ሌላ ሥራ አልነበራትምና ፈራች።

በምርጫው ዋዜማ አንድ ሽማግሌ ስልኩን አነሡ። ሚስታቸው በጸደይ ሞተውባቸዋል፤ ላማቸው ምጥ ይዟታል፣ ነገረ ሥራዋም አላማራቸውም። ሙሉመቤት ወረቀቷን እያየች፣ ስለ ላሟ ሳትጠይቅ ሰማቻቸው። ከስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማታል። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ጠየቋት።

«ሰውየው ደግ ናቸው? አንቺ ካልሽ እመርጣቸዋለሁ።»

መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሀብቱም ከመስታወቱ ወዲያ ያዳምጣል። ግን ሚስታቸውን የቀበሩ ሽማግሌን እንዴት ብላ ትዋሽ?

«አባባ፣ እኔ አላውቃቸውም» አለች።

መስመሩ ተቋረጠ። የቆረጠው ሀብቱ ነው፤ ቦርሳዋን ይዛ እስክትወጣ ቀና ብሎ አላያትም።

ሴናተሩ አሸነፉ። ሙሉመቤት ደንታም አልሰጣት። በምትኖርበት ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ግን ስንዴው ይመጣባታል፤ ገብታ ላሟን ትፈልጋለች፣ ታጣታለች። ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ሰንብታ፣ አንድ ቀን አላስችል ቢላት ሳንቲሟን ይዛ ወደ መንገድ ስልኩ ሄደች። ቁጥሩ ከአእምሮዋ አልጠፋም ነበር።

ሽማግሌው ሲያነሡ፣ ላሟ እንዴት ሆነች አለቻቸው።

ሴት ጥጃ እንደወለደች፣ እሷን ሲያዋልዱ ውለው ምርጫውን ሳይሄዱ እንደቀሩ ነገሯት።

«ስልኩ ሲጮህ ደነገጥኩ» አሉ፤ «ከምርጫው ወዲህ የደወለልኝ የለም።»

ሙሉመቤት ሳንቲም ጨመረችና ዝናቡን ጠየቀቻቸው።