የኮርማክ ዱርካን ጎል

መስመሩ ጠሟል። ኮርማክ ዱርካን መኪናውን ከሜዳው አጥር ሥር አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የአባቱን ሥራ በመስታወቱ ውስጥ ያይ ነበር። ማላኪ ዱርካን የኖራውን ጋሪ በሁለት እጃቸው ተደግፈው እየገፉ በእርጥቡ ሣር ላይ ነጭ መስመር ያሰምራሉ። ከጎሉ የተነሣው መስመር እስከ ግማሽ መንገድ ቀጥ ብሎ ይመጣና፣ ሽማግሌው ትንፋሽ ለመውሰድ ከቆሙበት ቦታ ጀምሮ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሌላ ሰው ቢሆን ገመድ ወጥሮ ያሰምር ነበር። ማላኪ ግን ገመድ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ነው ባይ ናቸው፤ እንዲህ እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኮቨንትሪን ሜዳ ሲያጣምሙ ኖረዋል።

ጠዋት ቁርሱን ሳይጨርስ እናቱ ደውላለት ነበር። ኖሪን ስልክ ላይ ወሬ የምታበዛ ሴት ናት፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ቤቱን እንደሸጠ ሳትዘረዝር ወደ ጉዳይዋ ገብታ አታውቅም። ዛሬ ግን ሰላምታም አላስቀደመችም።

«አሥራ ሁለት ናቸው» አለችው።

«ምኖቹ?»

«ልጆቹ ናቸዋ! አንዱ እግሩን ተሰብሯል፣ ሁለቱ ሥራ ተረኛ ሆኑ፣ የዚያ የፖላንዱ ልጅ ሚስት ደግሞ ምጥ ይዟታል። ከአሥራ አምስቱ ቢያንስ አሥራ ሦስት ካልሞላን ዳኛው አያጫውትም። ከዚህ በፊት ሁለቴ ቀርተናል። ዛሬም ከቀረን ፌዴሬሽኑ ክለቡን ይሰርዘዋል፤ አለቀ፣ ደቀቀ።»

ኮርማክ የያዘውን ቁራሽ ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰ።

«አባትህ እንደደወልኩ አያውቅም። ገና ሳይነጋ ነው ወደ ሜዳ የወጣው።»

«እማዬ፣ ወደ ሃምሳ እየተጠጋሁ እኮ ነው። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮሃል።»

«እንድትሮጥ ማን ጠየቀህ? እንድትቆም ነው።»

«ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ አይሰለፍም።»

«ተመዝግበሃል። አባትህ አንድም ዓመት ስምህን ሳያስመዘግብ ቀርቶ አያውቅም» አለችና፣ መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ስምህን። የኮርማክና የአባቱ ነገር የተበላሸው በዚሁ በስሙ ነበር።

ኳስ በእጅም በእግርም የሚጫወቱበትን የቅድስት አትራክታ የጌሊክ ኳስ ክለብ ያቋቋሙት ማላኪና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ከአየርላንድ፣ ከስላይጎ በመርከብ መጥተው የእንግሊዝን መንገድ ሲቆፍሩ የሚውሉ ጎረምሶች ሳሉ። ኮርማክ ያደገው እዚሁ ሜዳ ዳር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ መስመሩ ዳር ይደረደራሉ፤ ሴቶቹ ካፖርታቸውን አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ስኳሩ ቤት የተጨመረበት ሻይ ከፔርሙዝ ይቀዳል። አንዱ ሽማግሌ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሀገር ቤቱን ጨዋታ ውጤት እየጮኸ ይናገራል፤ እዚህ የሚጫወቱትም ቢሆኑ ኳሱን ትተው ያዳምጡታል። ልጆች ከጎሉ ኋላ ሆነው ወደ እሾሁ የገባችውን ኳስ ለማምጣት ይጋፋሉ። የመታሻ ቅባቱ ሽታ ከመልበሻ ክፍሉ ወጥቶ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይሄድ ነበር። ኮርማክ ዛሬም መድኃኒት ቤት ገብቶ ያ ሽታ ድንገት ካወደው የሰባት ዓመት ልጅ ይሆናል።

ትምህርት ቤት «አይሪሹ» ይሉታል። ሜዳው ላይ ደግሞ ከሀገር ቤት አዲስ የመጡት በአነጋገሩ እየሳቁ «እንግሊዙ» ይሉታል። እሱ ግን አልከፋውም፤ ከሁለቱ ስም መሀል የቆመበት መሬት ይሄ ሜዳ ነበርና። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው አሥራ አንድ ቁጥር ማሊያን ለበሰ፤ የዚያኑ ዓመት ቅድስት አትራክታ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ደረሰ። አሠልጣኙ አባቱ ነበሩ።

በዋዜማው አንድ ቀይ ጸጉር ያለው ተጫዋች ከሀገር ቤት በአውሮፕላን መጣ። ያኔ የስደት ክለቦች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ለአንዲት እሑድ ብለው ጎበዝ ሰው ያስመጣሉ፣ ደንቡ ስለማይፈቅድ በሌላ ተጫዋች ስም ያሰልፉታል። ሁሉም ያውቃል፤ ሲጠየቅ ደግሞ ማንም አያውቅም። ማላኪ ከአሥራ አምስቱ ስም መርጠው ለቀዩ ሰው የሰጡት የገዛ ልጃቸውን ስም ነበር።

«የሰው ልጅ ቅር ከሚለው የራሴ ይታገሠኝ ብሎ ነው» ብላ ኖሪን ስንት ጊዜ አስረድታዋለች። ሊሆን ይችላል። ለኮርማክ የገባው ግን ሌላ ነው። አባቱ ዋንጫ ሲያምራቸው እዚህ የተወለደውን ትተው ከዚያ የመጣውን መረጡ።

ያን ቀን ካፖርት ደርቦ ከተመልካቹ መጨረሻ ረድፍ ተቀመጠ፤ ዳኛው ሁለት ኮርማክ እንዳያይ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከፍ ብላ ወደ ጎሉ ስትመጣ የአባቱ ድምፅ ሜዳውን ሰንጥቆ ወጣ፦ «ኮርማክ! ያንተ ናት!» ኮርማክ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ከዚያ የተጠራው እሱ እንዳልሆነ ገባውና ተመልሶ ተቀመጠ። ቀዩ ሰውዬ ኳሷን አየር ላይ ቀልቦ መረቡ ውስጥ ቀረቀራት። ሕዝቡ «ኮርማክ! ኮርማክ!» እያለ አበደ፤ ጋዜጣውም የኮርማክ ዱርካን ጎል ብሎ ጻፈ። ይኸው እስከ ዛሬ በየሠርጉና በየለቅሶው አንድ ሰው ትከሻውን መታ አድርጎ «የዚያች ጎል ባለቤት!» ይለዋል፤ ቢራም ይጋብዘዋል። መጀመሪያ ላይ እኔ አይደለሁም ይል ነበር። ኋላ ሲሰለቸው ቢራውን መጠጣት ጀመረ።

ሜዳውን ግን ዳግመኛ አልረገጠም። ገናን ወላጆቹ ዘንድ ያሳልፋል፤ ከአባቱ ጋር ስለ ዝናብና ስለ መኪና ጎማ ያወራሉ። ማላኪም ከዚያን ቀን ወዲህ ልጃቸውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «አንተ» ይሉታል፤ «አንተ ልጅ፣ ጨዉን አቀብለኝ።» ኮርማክ ይህን ልብ ካለ ቆይቷል። በስሙ ቢጠሩት ምን እንደሚሰማው ማወቅ ይፈልግ ነበር፤ ይህን ደግሞ ለሚስቱም አልነገራትም።

ሞተሩን አጠፋ። ለእማዬ ስል ነው አለ ለራሱ፤ ከቆጥ ላይ ያወረደውን፣ አፉን በፕላስተር የጠቀለለውን ታኬታ ብብቱ ሥር አድርጎ ወረደ።

ማላኪ ሲያዩት ጋሪውን አቆሙ። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ታኬታውን አዩ፤ ከዚያ ፊቱን።

«መኪናህን ከበሩ ራቅ አድርጋት» አሉት። «አምቡላንስ የሚገባው በዚያ ነው።»

«እንግዲያው አምቡላንሱ ለኔም ቢቀርብ ነው የሚሻለው።»

የሽማግሌው ከንፈር ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ግን ሳቁን ዋጡትና ጋሪውን መግፋት ቀጠሉ። መስመሩ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ጠመመ።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ማሊያ የሚታደለው እንደ ጥንቱ ነው። አሠልጣኙ መሀል ላይ ይቆማል፤ ስም ይጠራል፣ ማሊያውን በእጁ ይሰጣል፤ ማሊያውን ሳይቀበል አፉን የሚከፍት የለም። ኮርማክ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጎረምሶቹን አያቸው። አባታቸው ናይጄሪያዊ እናታቸው ከአየርላንዷ ሜዮ የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከካቫን የመጣ መምህር፣ ኳሱን የለመደው አምና የሆነ፣ ከሕንድ ኬራላ የመጣ ነርስ። ማላኪ ሁሉንም በየስማቸው ጠሯቸው፤ የነርሱን ረጅም ስም እንኳ አንዲት ፊደል ሳይስቱ። በመጨረሻ አሥራ አንድ ቁጥር እጃቸው ላይ ቀረች። ከኮርማክ ፊት መጥተው ቆሙ። ከንፈራቸው ሊናገር ከጀለና ተወ።

«ትጠብህ ይሆናል» አሉ ብቻ፣ ማሊያዋን ጭኑ ላይ አስቀምጠው።

ጠበበችው። ቦርጩ ላይ ስትደርስ አልሄድም አለች፤ ነርሱ ነው ከኋላ ጎትቶ ያለበሰው።

ዳኛው ጀርላት ኮይን ጸጉሩ ነጭ ሆኗል እንጂ ያኔ የዋንጫውን ጨዋታ ያጫወተው ራሱ ነው። ተጫዋቾቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ኮርማክ ላይ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀረች። ከሻይ ጠረጴዛው ኋላ ኖሪን የያዘችውን ኩባያ አላስቀመጠችም፤ ማላኪ መሬት መሬት ያያሉ።

«አሥራ ሦስት» አለ ዳኛው፤ ፊሽካውንም ነፋ።

ኖሪን አማተበች። ክለቡ ቢያንስ ለዛሬ አልሞተም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጨዋታ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ተጋጣሚዎቹ ከበርሚንግሃም የመጡ አሥራ አምስት ፈርጣሞች ነበሩ፤ ገና እረፍት ሳይደርስ የነጥቡን ልዩነት የሚቆጥር ጠፋ። ኮርማክ እንደታዘዘው ከተጋጣሚ ጎል አጠገብ ቆመ። እሱን የሚጠብቀው ተከላካይ ልጅ ከሀገር ቤት፣ ከጋልዌይ አምና የመጣ፣ ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ነገረኛ ነበር።

«ጋሼ፣ ወንበር ላምጣልህ?»

«ዝም ብለህ ተጫወት።»

«ከማን ጋር ልጫወት? አንተ እንደሆንክ አጥሩን ተደግፈህ ቆመሃል!»

ኮርማክ የሚያዳምጠው ሌላ ድምፅ ነው። ማላኪ መስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እያሉ ይጮሃሉ፤ ወንድማማቾቹን ይጠራሉ፣ መምህሩን ይሰድባሉ፣ ነርሱን ያሞግሳሉ። ወደ እሱ ሲሆን ግን «አንተ! ወደ ግራ!» ነው። ቀጥሎም «አንተ!» ከጉልበቱ ሕመም ይልቅ ይቺ ቃል አንገበገበችው። በዚህ ዕድሜዬ በዚህ መናደዴ አለና በራሱ አፈረ፤ ማፈሩ ግን ንዴቱን አላበረደለትም።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንዲት ኳስ በመሀላቸው ነጥራ አለፈች። ልጁ ቀድሞ ተፈተለከ። ኮርማክ ሊደርስበት እንደማይችል አውቋል፤ እጁን ወርውሮ ማሊያውን ጨመደደና ሁለቱም ተያይዘው ጭቃው ውስጥ ተዘረሩ። ከላይ የወደቀው ኮርማክ ነበር።

«ኧረ ገደለኝ! ሶፋ ነው እንዴ የወደቀብኝ?» ጮኸ ልጁ ከሥር።

ፊሽካው ተነፋ። ጀርላት ኮይን በእርጋታ መጣ፤ ቢጫ ካርዱን አወጣ፤ እርሳሱን ምራቅ አስነካ።

«ስም?»

ኮርማክ ጭቃውን ከአፉ ጠረገ። «ኮርማክ ዱርካን።»

ዳኛው በመነጽሩ አናት ላይ አሻግሮ አየው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

«ያኔ ጸጉርህ ቀይ አልነበረም እንዴ?»

ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው፤ መስመሩ ዳር ያሉት ሁሉ ሰሙ። የቀድሞዎቹ ሰዎች፣ ያን ጊዜ የነበሩት ሦስት አራት ሽማግሌዎች፣ ሳቃቸውን አፍነው ወደ ማላኪ ዞሩ። ማላኪ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ራሰ በራቸው ላይ ካፊያው ይወርዳል።

«እኔ ነኝ» አለ ኮርማክ። «ይሄኛው እኔ ነኝ። ጻፈው።»

ጀርላት ኮይን ጻፈው። ኮርማክ የእርሳሱን እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ፊደል ተከታተለ። ገና ዛሬ ነው ይሄ ስም በዚህ ሜዳ እሱ ራሱ ለሠራው ነገር የተጻፈው፤ የተሠራው ነገር ሰው ላይ መውደቅ ቢሆንም። ደስ አለው። እንደ ሞኝ ደስ አለው፤ ልጁን እጁን ይዞ ከጭቃው አነሣው።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ።»

«ችግር የለም ጋሼ። ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

ቅጣት ምቱ ተመታ፤ ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትል ቆይታ ነርሱ እጅ ገባች። ነርሱ ቀና ብሎ አየ። ከፊቱ ነፃ የሆነ ሰው ስላጣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ሰማይ ጠለዛት። ከጠማማው መስመር በላይ፣ ከሻይ ጠረጴዛውም ከተመልካቹ ራስም በላይ ከፍ ብላ ወደ ጎሉ መጣች።

«ኮርማክ!»

ድምፁ የዱሮው አይደለም። መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ፤ ሽማግሌው ሳሉና እንደገና ሞከሩ።

«ኮርማክ! ያንተ ናት!»

ሰውነቱ ሳያማክረው ተነሣ፤ ያን ቀን ከመጨረሻው ረድፍ ብድግ እንዳለው። ጉልበቱ ጮኸ፤ አልሰማውም። ኳሷ ከደመናው ሥር እየዞረች ትወርዳለች፤ ልጁ ከኋላው እየተነፈሰ ደርሶበታል። ኮርማክ ግን ከልማዱ የተነሣ አንዴ ዞር ብሎ አየ፣ ለማን እንደተጠራ ለማረጋገጥ።

በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።