ቀይ የሆነው የእቶን ግድግዳ

ይህ ታሪክ ጥርት ያለ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ ይህን የምጽፍባት እጄ ትሰንከል! ምስክርም አላጣሁም፤ ሚስቴ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ጮክ ብዬ የማነበውን ትሰማለች።

የጡብ ፋብሪካችን እቶን ደመና እንኳ ዞሮት የሚያልፍ ግዙፍ ነው። እሳቱን የሚጠብቁት አማቴ፣ የሚስቴ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እቶኑ በር ላይ ነው። እኔና ሚስቴ ደግሞ ግድግዳውን በሙቀት ካሜራ አንስተን፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ባለቀለም ምስል እናደርገዋለን። ቀዝቃዛው ሰማያዊ፣ ትኩሱ ቀይ። ይህን ሥራ እንደኔ የሚያውቅ ዓለም ላይ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ ሁለተኛውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ የዕለቱን ምስል አይቶ ጮኸ። የግድግዳው መሃል ፍም መስሏል።

«ሊፈነዳ ነው! እሳቱ አሁኑኑ ይጥፋ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ በአንዴ ከጠፋ ግድግዳው ይሰነጠቃል» አሉ አማቴ። «ከተሰነጠቀ ደግሞ አለቀለት።»

«ታዲያ ይሄ ቀይ ምንድን ነው፣ አባባ?»

ሽማግሌው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። «እንደ ወትሮው ነው ያነደድኩት» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ወይስ... ተሳስቼ ይሆን?»

ያኔ ነው ሕንፃውን እያንቀጠቀጥኩ የተነሳሁት።

«አንተ ቀለም ቀቢ፣ ቁጭ በል!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

አልተቀመጥኩም። «ፕሮግራሙ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሙቀት ወሰን ካልተሰጠው» አልኩት፣ «ለየምስሉ የራሱን ወሰን ይፈልጋል። ካገኘው ሁሉ ቀዝቃዛውን ሰማያዊ፣ ትኩሱን ቀይ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ኢምንት ቢሆንም ግድ የለውም። በረዶ ብታነሳበት እሳት ያሳይሃል! ሰው ሁሉ በገዛ ክንዱ ጨርቅ ቢለካ፣ ማን ብዙ እንደገዛ በምን ይታወቃል?»

ከዚያ የኮምፒውተሩ ቁልፎች እስኪጨሱ ድረስ መታኋቸው። ዝቅተኛው ሃያ ዲግሪ፣ ከፍተኛው ሁለት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ቀዩ እልም አለ፤ ግድግዳው እንደ ትናንትናው ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ሠራተኞቹ ትከሻቸው እስኪላጥ ተሸክመው አዞሩኝ። አማቴ እንባቸው እየወረደ፣ «ልጄን ላንተ መስጠቴ በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ...»

«ወሰኑ እኮ ተጽፎ ነበር» አለች ሚስቴ ንባቤን አቋርጣ፣ ዓይኗን ከሹራቡ ሳታነሳ።

«እ?»

«እኔ ነበርኩ የጻፍኩት። በዋዜማው ማታ፣ ‹ምስሉ ደብዝዟል፣ ቀለሙ ትንሽ ሞቅ ይበል› ብለህ ያጠፋኸው አንተ ነህ። መልሼ ስጽፈውም አንተ ገና ከቤት አልወጣህም ነበር። ማንም ማንንም አልተሸከመም።»

ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት።

«አባባም አላለቀሰም» አለች ቀስ ብላ። «ስህተቱ ከኛ መሆኑን ነግሬዋለሁ፤ ገብቶታልም። ግን ከዚያ ወዲህ እሳቱን ብቻውን አያነድም። ሰው አጠገቡ ካልቆመ እንጨት አይጨምርም።»